መጽሐፍ በጉባኤ ሲነበብ ስለ መስማት

መጽሐፍ ማንበብ የዓይን ሥራ ብቻ እንደ ሆነ አድርገን መቍጠር ከለመድን ብዙ ዘመን አልሆነንም። ዛሬ አንድ ሰው «አንባቢ ነው» ሲባል ብቻውን ተቀምጦ፥ ከንፈሩን ገጥሞ፥ ገጽ በገጽ የሚገልጠው ሰው ብቻ በአሳባችን ይመጣል። ሌላው ሲያነብለት በጆሮው የሚቀበለው ግን ከአንባቢዎች ቍጥር ወጥቷል። በዚህ ሳምንት ለቤተ ሰብ ገጽ ልንጽፍ ያሰብነው ስለዚሁ ስለ ተረሳው የጆሮ አንባቢና በከተማችን በየመጽሐፍ መደብሩና በየቤተ መጻሕፍቱ ስለሚደረገው የንባብ ጉባኤ ነው። ነገሩን የምናነሣው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ ጥፋቱ አስቀድሞ የተገኘው በገዛ ቤታችን ነውና።

በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 8 የተጻፈውን የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ታሪክ ያልሰማ ከአንባቢዎቻችን መካከል ይኖራል ብለን አናስብም። የንግሥት ሕንደኬ ባለሟልና የግምጃ ቤትዋ ሹም የነበረው ይህ ሰው ለመስገድ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ ሲመለስ በሠረገላው ላይ ሆኖ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ታሪኩን ብዙ ሰው የሚያነሣው ስለ ጥምቀቱ ነው፤ የሚገባም ነው። እኛ ግን ከዚያው ውስጥ አንዲት ትንሽ ነገር እንድትታይልን እንወዳለን። ፊልጶስ ወደ ሠረገላው በቀረበ ጊዜ የሰውየውን ንባብ በጆሮው ሰማው እንጂ መጽሐፉን ተንጠራርቶ አላየውም። ይህም ማለት ጃንደረባው ብቻውን ሳለ እንኳ ድምፁን አሰምቶ ያነብ ነበር ማለት ነው። እንደ ዛሬው ሰው በዓይኑ ብቻ ቢያነብ ኖሮ ፊልጶስ የሚነበበው ምን እንደ ሆነ ባላወቀ፥ ማስተዋሉንም ባልጠየቀው፥ ሁለቱም በአንድ ሠረገላ ተቀምጠው ባልተነጋገሩ ነበር።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ንባብ የድምፅ ሥራ መሆኑን ያውቃል። ፊደል የለየ ሕፃን ወደ ንባብ ሲሻገር አስቀድሞ ግእዝ ንባብ፥ ቀጥሎ ውርድ ንባብ፥ ከዚያም ቁም ንባብ እያለ ይማራል። ቃሉ ተነሽ ወይም ወዳቂ፥ ሰያፍ ወይም ተጣይ መሆኑን ለይቶ እንደ ሥርዓቱ ድምፁን ካላነሣና ካልጣለ፥ ፊደሉን ሁሉ አጥንቶ ቢያውቀው እንኳ አነበበ አይባልም። የኔታ ከዛፍ ጥላ ሥር ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠው ሳሉ ሠላሳ ልጅ በየራሱ ምዕራፍ ይጮኻል፤ ከሠላሳው ድምፅ መካከል አንዱ ወዳቂውን ተነሽ ያደረገ እንደ ሆነ ያችን ስሕተት ለይተው ይሰሟት ነበር። እኛም ከዚያ ጩኸት መካከል ስለ ነበርን የአለንጋዋን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳነውም።

ወደ ቅኔ ቤት የገባ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ የመስማት ትምህርት ያገኛል። ተማሪው ቅኔውን ቈጥሮ በመምህሩ ፊት ሲናገር በመካከላቸው ወረቀት የለም። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት፤ ተነግራ ታልፋለች፤ ሰሙንና ወርቁን በዚያችው ቅጽበት ያልያዘ ሰው ባዶ እጁን ይቀራል። የያዘው ግን «ይበል!» ይላል፤ ማታም ለጓደኛው ይነግረዋል፥ ጓደኛውም ለሌላው ያደርሰዋል። ባለቤቱ ሳይጽፋት ቅኔይቱ ከደብር ወደ ደብር ትሻገራለች። በየቤተ ክርስቲያኑም ተአምረ ማርያም ሲነበብ ሕዝቡ ቆሞ ይሰማል፤ ስንክሳሩም የየዕለቱን ቅዱስ ታሪክ ይዞ ይነበባል። ከሚሰሙት መካከል ፊደል የቈጠሩት እጅግ ጥቂቶች በነበሩበት ዘመን እንኳ የቅዱሳኑን ገድል በቃሉ የሚተርክ ባላገር ሞልቶ ነበር። መጽሐፉን በእጁ ሳይዝ መጽሐፉ የእርሱ ነበር።

ወደ ሚስዮን ትምህርት ቤት በተዛወርን ጊዜ ያገኘነው ልማድ የዚህ ተቃራኒ ነበር። መምህራችን ከቁም ሣጥን መጽሐፍ እያወጡ ያድሉንና በዓይናችሁ ብቻ አንብቡ፥ ከንፈራችሁን አታንቀሳቅሱ ይሉን ነበር። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ የተገኘ ልጅ በሁለት ጣቱ ይዞት እንዲያነብ ይታዘዛል። በመጀመሪያ ዲዳ የሆንን መስሎን ተጨነቅን፤ በኋላ ግን ጥቅሙ ገባን። በዓይኑ የሚያነብ ሰው ፈጥኖ ያነባል፥ ብዙም ያነባል፥ ሌላውን አያውክም። በተለይም ነጋድራስ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ ታሪክ በ1900 ዓ. ም. በሮማ ካሳተሙ ወዲህ የበረከተው እንዲህ ያለው መጽሐፍ ለብቻ ማንበብን የሚጋብዝ ስለ ሆነ፥ የሚስዮኑ ልማድ እጅግ ጠቅሞናል። ሆኖም በሰጠን መጠን አንድ ነገር ወሰደብን። መጽሐፍ ይዘን ወደ ቤት በገባን ጊዜ በቤት ያለው ሰው ሁሉ ከመጽሐፉ ውጭ ሆኖ ቀረ።

ይህን ክፍተት ለመድፈን የሚችል ስፍራ በከተማችን አልጠፋም። በ1936 ዓ. ም. የተቋቋመው የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ብዙ ደራሲ ቆሞበታል፤ ሚዩዚክ ሜይዴይ የተባለውም ማኅበር ለብዙ ዓመታት በዚያው አዳራሽ እሑድ ከቀትር በኋላ አንድ አንድ መጽሐፍ እያነሣ ሰውን ሲያወያይ ቈይቷል። (በነገር ላይ ነገር ይነሣልና፥ ሕዝቡ ይህን ቤት «ወመዘክር» ብሎ ይጠራዋል። የቀድሞው ስም «ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር» ነበር። ቤቱንም መጻሕፍቱንም ጥሎ «ወ» የምትለውን መስተጻምር አንጠልጥሎ መሄድ የእኛ ሰው ብቻ የሚያውቀው ብልኀት ነው፤ የግእዝ መምህራችን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን?) በ2014 ዓ. ም. በአራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ለልጆች የተለየ ስፍራ ያለው ሰፊ ቤት ነው። ግጥምን ከጃዝ ሙዚቃ ጋራ አስማምቶ የሚያሰማው የጦቢያ መድረክ ደግሞ በራስ ሆቴል አዳራሽ በየወሩ ሰው ሰብስቧል፤ መጽሐፍ የማይገዛ ወጣት ግጥም ለመስማት መግቢያ ከፍሎ ሲሰለፍ መታየቱ ቀላል ነገር አይደለም። ከእነዚህ በቀር በየመጽሐፍ መደብሩ በመደርደሪያ መካከል ሀያ ሠላሳ ወንበር ተደርድሮ የሚደረግ ትንንሽ ጉባኤ አለ፤ ወሬው ስለማይነገርለት ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ለእኛ ግን ከሁሉ የበለጠው ይኸኛው ሆኖ ተገኝቷል።

ነገር ግን የጆሮ አንባቢ ምን ያህል ብዙ እንደ ሆነ የታየው በአዳራሽ ሳይሆን በሬዲዮ ነው። የክቡር ሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ. ም. ታተመ፤ ከዚያ ወዲያ ታላቁ ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው መጽሐፉን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ ሰው ሁሉ ባለቤት ሆነበት። እናታችን እንደሚነግሩን በሰፈራቸው ሬዲዮ ያለው አንድ ቤት ብቻ ስለ ነበረ ሴቶቹ ተራ ገብተው ቡና እየወሰዱ በዚያ ቤት ይሰበሰቡ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ ጉዱ ካሳን የቅርብ ጎረቤት እንደ ነበረ አድርገው ያነሡታል፤ ሰው ሲበደል ባዩ ጊዜ «ጉዱ ካሳ ይህን ቢያይ!» ይላሉ። በሰብለ ወንጌልም ዕድል ማዘናቸውን አልተዉም። እናታችን ግን ፊደል አልተማሩም።

አሁን ወደ በደላችን እንመለስ። የምንተዳደረው በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ነው። ምስክር ቃሉን ከሰጠ በኋላ የተጻፈው ይነበብለታል፤ ትክክል መሆኑን ሲያረጋግጥ ይፈርማል፥ መጻፍ የማይችለውም የአውራ ጣቱን አሻራ ያኖራል። በዚህ ሥራ ሀያ ዓመት ያህል ስንቀመጥ ለብዙ አረጋውያን የገዛ ቃላቸውን አንብበንላቸዋል። ሲነበብላቸው ፊታቸውን እናያለን። ሽማግሌው ራሱን ዘንበል ያደርጋል፤ አሮጊቷ ነጠላዋን ከጆሮዋ ገለጥ ታደርጋለች፤ አንዲት ቃል የተዛነፈች እንደ ሆነ «እንዲህስ አላልሁም» ብለው ያቆሙናል። ብዙ ጊዜም እውነቱ የእነርሱ ነው፤ ብዕራችን ፈጥኖ ስቷል። ፊደል የማያውቅ ሰው የሚሰማውን ያህል ፊደል ያወቀ ሰው አይሰማም፤ ይህ የሆነበትም ምክንያት ያወቀው ሰው ወረቀቱን ተማምኖ ስለሚዘነጋ ይመስለናል።

ይህን ሁሉ በየቀኑ እያየን፥ ማታ ወደ ቤታችን ገብተን መጽሐፍ ገልጠን በዝምታ ስንቀመጥ፥ እናታችን በዚያው ክፍል በመስኮቱ አጠገብ እንዝርታቸውን ይዘው ይቀመጡ ነበር። ከእኛ ጋራ መኖር ከጀመሩ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለማናውቀው ባለጉዳይ ያነበብነውን ያህል ቀርቶ አንዲት ገጽ እንኳ ለእናታችን አንብበን አናውቅም ነበር። ክፋት አልነበረብንም፤ ነገሩ ጨርሶ በአሳባችን አልመጣም። ይህ ግን ወቀሳውን የሚያቀል ነገር አይደለም።

ያነቃን የራሳችን ብልኅነት አይደለም። ባለፈው ዓመት አንድ ወዳጃችን መጽሐፍ ስለሚመረቅ እንድንገኝ የጥሪ ካርድ ሰጠን። እናታችን ካርዱን በጠረጴዛ ላይ አይተው፥ «ይህ ደግሞ የምን መጥሪያ ነው? ማን ከሰሰህ?» አሉን። ነገሩን ባስረዳናቸው ጊዜ ጥቂት ዝም ብለው፥ «መጽሐፍ የሚነበብበት ከሆነ እኔን ምን ከለከለኝ?» አሉ። የምንመልሰው አጣን። ባለቤታችንንና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃችንን ጨምረን አራት ሆነን ሄድን፤ እናታችን ለበዓል የሚያወጡትን ቀሚስ ለብሰው ነበር።

ጉባኤው በ8 ሰዓት እንደሚጀመር በካርዱ ተጽፏል፤ የተጀመረው ለ10 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነው። መድረክ መሪው የክብር እንግዶችን ስም ከነማዕርጋቸው ሲጠራ ብዙ ቈየ። ከዚያም አንደኛው ተናጋሪ ስለ ሥነ ጽሑፍ ጥቅም፥ ሁለተኛው ስለ ደራሲው ትጋት፥ ሦስተኛው ደግሞ ሁለተኛው ስለ ተናገሩት ነገር ተናገሩ። አራተኛው መጽሐፉን ለማንበብ ጊዜ እንዳላገኙ በግልጥ ከተናዘዙ በኋላ ሀያ ደቂቃ አመሰገኑት። በመካከሉ ኬክ ተቈረሰ፥ ፎቶግራፍ ተነሣ። በመጨረሻ ደራሲው ተነሥቶ አንገቱን ደፍቶ ሁለት ገጽ ያህል አነበበ። ድምፅ ማጉያው ያፏጫል፤ በየወንበሩ ተንቀሳቃሽ ስልክ ይጮኻል፤ ሰውየውም የጊዜ ማለቁን ስለ ተነገረው ቃሉን እየዋጠ ይሮጥ ነበር። በንባብ ቤት ቢሆን ኖሮ የኔታ ከመጀመሪያው መስመር አያሳልፉትም።

ከዚያ ስንወጣ እናታችን፥ «ልጄ፥ መጽሐፉ የሚነበበው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁን። ተነቦ ማለቁን ነገርናቸው። እርሳቸውም፥ «ምነው ታዲያ ይህን ያህል አመሰገኑት? እኛ አገር እንዲህ ተደርጎ የሚመሰገነው የሞተ ሰው ነው» አሉ።

ለፍርድ መቸኰል ግን አይገባም። የሁለተኛውንም ወገን ቃል መስማት የሥራችን ልማድ ነውና የደራሲውን ጕዳይ እንመልከት። በአገራችን ደራሲ ብዙ ጊዜ መጽሐፉን የሚያሳትመው በራሱ ገንዘብ ወይም ተበድሮ ነው። ካሳተመ በኋላ መጽሐፉ በአከፋፋይና በመደብር እጅ ሲያልፍ ከዋጋው ብዙው ይቀራል፤ ገንዘቡም ቶሎ አይመለስም። የምረቃው ቀን ግን ሻጩ ራሱ ነው፥ ገንዘቡንም በእጁ ይቀበላል። ስለዚህ ባለማዕርግ እንግዳ ቢጠራ፥ እንግዳውም ንግግር ቢያደርግ፥ ከንግግሩም በኋላ ብዙ መጽሐፍ ቢገዛ የዕዳው ነገር ነው እንጂ ከንቱ ውዳሴ መውደድ ብቻ አይደለም። እኛ የምንለው መጽሐፉን የሚሸጠው ምስጋናው ሳይሆን ንባቡ ነው ለማለት ነው።

ለዚህም ከውጭ አገር አንድ ምስክር እንጥራ። እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1858 ጀምሮ እስከ መጋቢት 1870 ድረስ የገዛ መጽሐፉን በአዳራሽ እያነበበ ሰውን መግቢያ አስከፍሎ ብዙ ገንዘብ አግኝቷል። መጽሐፉ በእያንዳንዱ ቤት ያለ ሆኖ ሳለ ሰው ሊሰማው ይጋፋ ነበር። ምሥጢሩ ድካሙ ነው። ለንባብ የሚሆነውን ክፍል አስቀድሞ ያሳጥራል፤ ድምፁን የሚያነሣበትንና የሚጥልበትን፥ እጁንም የሚያንቀሳቅስበትን በኅዳጉ ምልክት ያደርጋል፤ ከዚያም ደጋግሞ ይለማመዳል። መጽሐፉን የሚያኖርበትንም ጠረጴዛ ሰው ሁሉ እንዲያየው አድርጎ አሠርቶ ነበር። ይህን በሰማን ጊዜ ተነሽና ወዳቂ በእንግሊዝ አገርም አለ እንዴ ብለን ተደነቅን።

ከዚያ ከምረቃው በኋላ ሁለት ወር ያህል ቈይተን አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በአንድ የመጽሐፍ መደብር ደራሲ እንደሚያነብ ሰማን። እናታችን የፊተኛውን አስታውሰው፥ «ምስጋና ከሆነ እዚሁ ልፍተል» ብለው ነበር፤ የልጅ ልጃቸው ለመነቻቸውና ወጡ። መደብሩ ጠባብ ነው። ሠላሳ የማይሞላ ሰው ተቀምጧል፤ ከእርሱም ውስጥ ሦስቱ ሕፃናት ናቸው። መድረክም ድምፅ ማጉያም የለም። ባለመደብሩ በሁለት ቃል ሰላምታ ሰጥቶ ተቀመጠ፤ ደራሲውም ባለታሪኮቹ እነማን እንደ ሆኑ በአጭሩ ነግሮን መጽሐፉን ገለጠ።

ያነበበው ስለ አንዲት ባልቴት ነው። ልጇ ከተማ ገብቶ ኑሮ ከያዘ በኋላ ላሟን ሸጣ ወደ እርሱ እንድትመጣ ይልክባታል። ሴቲቱ ትመጣለች፥ አትመጣም የሚለው ነገር ነው ታሪኩ። ደራሲው ቀስ ብሎ፥ ከመስመሩ ዓይኑን እያነሣ፥ የባልቴቲቱን ንግግር እንደ ባልቴት፥ የመልእክተኛውን እንደ መልእክተኛ አድርጎ ሀያ አምስት ደቂቃ ያህል አነበበ። ከገበያው ቀን በፊት በነበረችው ምሽት ባልቴቲቱ ላሟን ለመጨረሻ ጊዜ ስታስራት በሚለው ስፍራ ሲደርስ መጽሐፉን ዘጋው። ከሕፃናቱ አንዱ «ውይ!» አለ። ልጃችንም ቀና ብላ አየችን፤ ዓይኗ ሞልቶ ነበር።

ቀጥሎ ጥያቄ ተፈቀደ። መጀመሪያ የተነሡት የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው ስለ ዘይቤው፥ ሁለተኛው ላሚቱ የምን ምሳሌ እንደ ሆነች ጠየቁ። ደራሲውም በትሕትና መለሰ። ከዚያ በኋላ እናታችን እጃቸውን ሲያነሡ ባየን ጊዜ ላብ አጠመቀን፤ ይህን እውነት መሸሸግ አይገባንም። በችሎት እንደሚቆም ምስክር ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና፥ «ጌታው፥ ይቅር ይበሉኝና አንድ ነገር ልጠይቅ። ላሚቱ የምትታለብ ናት ብለው አንብበዋል። ጥጃዋ ወዴት ሄደች?» አሉ።

ሰው ሁሉ ሣቀ። ደራሲው ግን አልሣቀም። መጽሐፉን ገልጦ ወደ ኋላ አገላበጠ፥ ደግሞም ወደ ፊት አገላበጠ። ቈይቶ፥ «እናቴ፥ ጥጃዋን ረስቻታለሁ» አለ።

ቤቱ ጸጥ አለ። እናታችን ግን አልተቀመጡም፤ ነገሩን ያስረዱ ጀመር። የአገራችን ላም ጥጃዋን ካላየችና ካልላሰች ወተቷን እንደማትሰጥ፥ ስለዚህም ገዢ ሁሉ ጥጃዋን ከእናቷ ጋራ እንደሚጠይቅ፥ ጥጃዋ ሞታ እንኳ ቢሆን ቆዳዋን በገለባ ሞልተው በላሚቱ አጠገብ እንደሚያቆሙላት፥ ባልቴቲቱም በዚያች ምሽት ላሟን ስታስር ጥጃዋን ለይታ ሳታስር ልትቀር እንደማትችል ተናገሩ። «ጥጃዋን ካላሰረቻት ሌሊት ጠብታ ታድራለች፤ ጧት ለገበያ የሚታይ ጡት የላትም» አሉ። ደራሲው ብዕር አውጥቶ በመጽሐፉ ኅዳግ ይጽፍ ነበር። መጽሐፉን ከመታተሙ በፊት አራት የተማሩ ሰዎች እንዳነበቡለት፥ ከእነርሱ አንዱ እንኳ ይህን እንዳላየ፥ ሁለተኛ የሚታተም እንደ ሆነ ጥጃዋ እንደምትገባ በሰው ሁሉ ፊት ተናገረ። እኛ ሀያ ዓመት በችሎት ስንቀመጥ ብዙ መስቀለኛ ጥያቄ ሰምተናል፤ እንዲህ ባለ አንድ ጥያቄ ብቻ ነገሩ ተጣርቶ ያለቀበትን ጊዜ ግን አናስታውስም።

መጽሐፉን ገዛን። ደራሲው ሲፈርም በማን ስም ልጻፍ ብሎ ጠየቀ፤ ልጃችንም በአያቷ ስም ይሁን አለች። እናታችን የተጻፈውን ተቀብለው ወደ ልጅቱ ዘረጉና፥ «አንብቢልኝ፤ ሳይነበብልኝ የምቀበለው ጽሑፍ የለም» አሉ። «ጥጃዋን ላገኙልን እናት» ይላል።

እንዲህ ያለውን ጉባኤ ለማድረግ የሚወዱ ሰዎች እንግዲህ ብዙ ወጪ አያስፈልጋቸውም። ሀያ ወይም ሠላሳ ወንበር ይበቃል። የሚነበበው ክፍል ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት ቢሆን ይሻላል፤ ስለ ተራራና ስለ ሰማይ ቀለም የተጻፈው ረጅም ክፍል ምንም ያማረ ቢሆን በጆሮ አይያዝም። ደራሲው ድምፁ ደካማ እንደ ሆነ ሌላ ሰው ቢያነብለት ነውር የለበትም። ደግሞም የጉባኤው ሰዓት ይታሰብ። ማታ በ12 ሰዓት የሚያልቅ ጉባኤ ታክሲ አጥቶ በሰልፍ የሚያቆም ስለ ሆነ የቤት እመቤትና አረጋዊ አይመጣበትም፤ በዚያም ጉባኤ የምናያቸው ሁልጊዜ እነዚያው ወንዶች ብቻ የሆኑት ስለዚህ ነው። ሕፃን ያለቀሰ እንደ ሆነ ጥቂት ወደ ደጅ አውጥቶ መመለስ ነው፤ ገና ከደጃፉ መከልከል ግን አይገባም።

በቤታችን አሁን ከራት በኋላ መጽሐፍ ይነበባል። አንባቢዋ ልጃችን ናት፤ ፈተና ያለባት እንደ ሆነ ተራው ወደ እኛ ይመጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ነገሩ ፈጽሞ አልቀናም። ልጅቱ በትምህርት ቤት የለመደችው በፍጥነት ማንበብ ስለ ሆነ ቃሉን እርስ በርሱ ታጣብቀው ነበር። አያቷም እንዝርታቸውን ያቆሙና፥ «ቀስ በይ፥ ልዋጠው» ይሏታል። ልጅቱ ታኰርፋለች። እኛም ከንባብ ቤት የተረፈንን ተነሽና ወዳቂ እያስታወስን ማስተማር ጀመርን፤ በአማርኛ ላይ እንደ ግእዙ ሥርዓት ባይሆንም የት እንደሚያርፉ፥ የት ድምፅ እንደሚጥሉ ማወቅ ለማንኛውም ቋንቋ ይሆናል። ባለቤታችን ልብስ ስትተኵስ ትሰማለች፤ አንዳንድ ቀን ሳታስበው ካውያውን አቁማ ትቀራለች። የቤት ሠራተኛችንም በመጀመሪያ ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር የምትሰማው። እናታችን ናቸው ጠርተው በአጠገባቸው ያስቀመጧት። መብራት የጠፋ እንደ ሆነ ሻማ እናበራለን፤ እንዲያውም ልጅቱ መብራት የጠፋባትን ማታ ትወዳለች።

ባለፈው ሳምንት አንድ ነገር ሆነ። ልጃችን ትዕግሥቷ አልቆ መጽሐፉን ሰርቃ በብርድ ልብሷ ውስጥ በስልክ መብራት እስከ መጨረሻው አነበበችው። ለማንም አልተናገረችም። በማግሥቱ ማታ እንደ ወትሮው ካቆምንበት ጀምራ ስታነብ ገና አንድ ገጽ ሳትጨርስ አያቷ እጃቸውን አነሡና፥ «አንቺ፥ ጨርሰሽዋል» አሏት።

ልጅቱ ደነገጠች። «እማማ፥ እንዴት ዐወቁ?» አለች።

«ድምፅሽ አዝኗል። እኛ ያለነው ገና ከማያሳዝነው ስፍራ ነው» አሏት።

ከዚያ ማታ ጀምሮ መጽሐፉ የሚያድረው በእናታችን ትራስ ሥር ነው፤ ያቆምንበትን ገጽ የሚያመለክተውም ከእንዝርታቸው የተቈረጠ ክር ነው። ልጅቱም መጨረሻውን በአሳብዋ እንኳ እንዳትነግረን በአያቷ ፊት ምላለች። ዛሬ ማታ ምዕራፍ 14 ነው፤ ነገ የሒሳብ ፈተና ስላለባት የምናነበው እኛ ነን።